ፎርካችሁ ደንድኗል? ማዞሪያዎቹን ከመነካካታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰው የማውንቴን ባይኩ ፎርክ (የፊት ጎማውን የያዘው፣ እየወረደ እየወጣ ንዝረቱን የሚውጠው ክፍል) ሲደነድንበት መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ከላይ ያለችውን ማዞሪያ ይይዝና ወዲያ ወዲህ ያደርጋታል። አልለወጥ ሲለው ታች ያለችውን ቀይዋን ይነካል፣ ከዛ ንፋስ ይቀንሳል፣ ከዛ መልሶ ይሞላል፣ በሳምንቱ ደግሞ መጀመሪያ ምን ላይ እንደነበረ ራሱ አያስታውስም። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ "ይሄ ፎርክ አይረባም" እያልኩ ስነዳ ከርሜ በመጨረሻ የታችኛውን ክፍል አውልቄ ሳየው ከአንደኛው እግር ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ አለ፣ ከሌላኛው ጭራሽ ምንም። ውስጥ ያለችው ስፖንጅ ደርቃ ቆዳ ሆናለች። ጠርጌ፣ አዲስ ዘይት ጨምሬ ስገጥመው ሌላ ሳይክል የነዳሁ ነው የመሰለኝ፣ ያውም አንዲትም ማዞሪያ ሳልነካ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሏን ያዙልኝ። መጀመሪያ ንጽህናና ዘይት፣ ቀጥሎ ንፋስ፣ ቀጥሎ ሪባውንድ (ፎርኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት)፣ ኮምፕሬሽን (ፎርኩ ሲወርድ የሚያዘገየው) መጨረሻ። የደረቀ ፎርክ ላይ ሴቲንግ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፣ ዛሬ ያገኛችሁት ነገ ከጸዳ በኋላ አይሰራም።

ምኑ የት ነው

የሚያብለጨልጩት ሁለት ቱቦዎች ስታንሽን ይባላሉ፣ እነሱ የሚገቡበት ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ደግሞ ሎወር። አሁን አሁን በብዛት የሚሰሩት የንፋስ ፎርኮች ላይ፣ ሳይክሉ ላይ ተቀምጣችሁ ስታዩት በግራ በኩል ያለው እግር ንፋሱን ይይዛል፣ የቀኙ ዳምፐሩን። በግራ በኩል አናቱ ላይ ያለችውን ክዳን ስትፈቷት የመኪና ጎማ ላይ ያለችውን የመሰለች ቫልቭ ታገኛላችሁ። በቀኙ አናት ላይ የኮምፕሬሽን ማዞሪያ አለ፣ በዛው እግር ታች፣ ከጎማው አክስል በታች ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነችው የሪባውንድ ናት። አንዳንድ ሞዴል የተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን እዩ።

የሁለቱ እግር ስራ ፈጽሞ የተለያየ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ንፋሱ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው የሚሰራው፣ ክብደታችሁን የሚሸከመው እሱ ነው። ዳምፐሩ ደግሞ ሞላው እንዳሻው እንዳይዘል የሚይዘው ነው፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ማዞሪያው የሚያጠበውና የሚያሰፋው ያንን መተላለፊያ ነው። በ1990 ግሬግ ኸርቦልድ አሜሪካ ዱራንጎ ላይ የዓለም ዳውንሂል (የቁልቁለት ውድድር) ሻምፒዮን ሲሆን የነዳው የሮክሾክስ አርኤስ 1 ፎርክ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነበር የሚወርደው፣ ግን ሃሳቡ ያው ነው፣ ንፋስ ይሸከማል ዘይት ያረጋጋል። ስለዚህ ፎርኩ በጣም ሲሰምጥባችሁ ኮምፕሬሽን እያጠበቃችሁ ንፋስ ማነስን ለማካካስ አትሞክሩ፣ ያ የሞላ ችግር ነው።

የናንተ ፎርክ የብረት ሞላ ከሆነ አናቱ ላይ ያለችው ፕሪሎድ የምትባል ማዞሪያ ሞላውን በትንሹ ቀድማ ትጫነዋለች እንጂ ጠንካራ አታደርገውም። ለክብደታችሁ በጣም ከለሰለሰ ወይ ከጠነከረ መፍትሄው ሞላውን መቀየር ነው፣ ለሞዴሉ ከተገኘ። እንዲህ አይነት ፎርክ ያላችሁ የንፋሱን ክፍል ዝለሉት፣ የጽዳቱ ግን ይመለከታችኋል።

ፎርኩን ከመውቀሳችሁ በፊት

ሁለት ነገር ቼክ አድርጉ። አንድ የፊት ጎማ ንፋስ፣ ጎማው ከመጠን በላይ ከተነፋ ትንንሹን ድንጋይ ሁሉ እጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ምንም ፎርክ አያድናችሁም። ሁለተኛ፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ ከየት እንደሆነ ለዩ። የፊት ፍሬን ያዙና ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ አድርጉ፣ በሌላው እጅ ጣታችሁን አንዴ መሪው ስር ፍሬሙና ፎርኩ የሚገናኙበት ላይ፣ አንዴ ደግሞ ስታንሽኑ ወደ ሎወር የሚገባበት ጎሚኒ ላይ አድርጉ። ላይኛው ጋ ከተሰማችሁ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው፣ ማጥበቅ ነው። ታች ጎሚኒው ጋ ቱቦው ሲወዛወዝ ከተሰማችሁ ግን ቡሺንጉ (ቱቦው የሚንሸራተትበት የውስጥ ቀለበት) አልቋል፣ እሱ ልዩ መሳሪያ ስለሚፈልግ ባለሙያ ጋ ነው የሚሄደው። በጣም ትንሽ፣ የመኖሩን ያህል ብቻ የምትሰማ ልቅነት በአዲስ ፎርክም ላይ አለች፣ አትደንግጡ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ

ስታንሽኑንና የጎሚኒውን ዙሪያ በንጹህ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከማዞሪያዎቹ ሁሉ በላይ የፎርኩን ዕድሜ የሚያስረዝመው ግን ይሄው ነው። አቧራው ጎሚኒው ከንፈር ላይ ተቀምጦ በእያንዳንዱ መውረድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ገብቶ ዘይቱን ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይቀይረዋል። ስታንሽኑ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ካለ ጥሩ ነው፣ መኖር አለበት። ወፍራም ቀለበት ሰርቶ የሚወርድ ከሆነ ጎሚኒው ተዳክሟል ወይ የሆነ ነገር ቆርጦታል።

የማታደርጉት ነገር፣ በሃይለኛ የውሃ ግፊት ጎሚኒው ላይ ቀጥታ አትርጩ፣ ውሃው ይገባል፣ ከገባ ደግሞ መውጫ የለውም። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፋውን ስፕሬይም ስታንሽን ላይ አትንፉ፣ ለሁለት ቀን ያለሰልሳል ከዛ ውስጥ ያለውን ግራሶ አጥቦ ይዞት ይሄዳል።

አንዲት ነጻ ዘዴ ልንገራችሁ፣ ሳይክሉ ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ ከመንዳታችሁ በፊት ትንሽ ገልብጣችሁ አቁሙት፣ ታች የተቀመጠው ዘይት ከጎሚኒው ስር ወዳሉት ስፖንጆች ይወርድና ያረጥባቸዋል። ዘይቱ ካለቀ ግን ብትገለብጡትም ምንም አይወርድም፣ እሱ ጋ እንመጣለን። የሃይድሮሊክ ፍሬን ያለው ሳይክል ከሆነ ደግሞ ከገለበጣችሁ በኋላ መልሳችሁ አቁማችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉና መያዙን አረጋግጡ።

ንፋስና ሳግ

ሳግ ማለት ምንም ሳታደርጉ፣ በክብደታችሁ ብቻ ፎርኩ የሚሰምጠው ልክ ነው። ለምን ይሰምጣል ካላችሁ፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ፎርኩ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል ነው፣ ሁሌ ተወጥሮ የቆመ ፎርክ መውረጃ የለውም። ለአገር አቋራጭ ውድድር ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለተለመደው የተራራ መንገድ 20 በመቶ አካባቢ፣ ለቁልቁለት ለሚነዳ እስከ 25ና ከዛም ትንሽ አለፍ ያለ። ፎርካችሁ 140 ሚሊሜትር የሚወርድ ከሆነ 20 በመቶው 28 ሚሊሜትር ነው። 120 ከሆነ 24። የፎርኩን ትራቭል (የሚወርድበትን ሙሉ ርዝመት) የማታውቁ ከሆነ ከላይ የሚታየውን ቱቦ አትለኩ፣ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ትራቭል ይበልጣል፣ የሞዴሉን ቁጥር እዩ ወይም ንፋሱን ሙሉ አስወጥታችሁ እስከ ታች ተጫኑና ምን ያህል እንደወረደ ለኩ።

ለዚህ ስራ የሾክ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ትንሿ የእጅ ፓምፕ ጌጅ ያላት። የጎማ ፓምፕ አይሆንም፣ ፎርኩ ውስጥ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ምት ብዙ ይገፋና አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ስንት እንደምትሞሉ መነሻው ብዙ ጊዜ ሎወሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ላይ በክብደት ተጽፎ አለ። ከሌለ ከአምራቹ መመሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። እሱ መነሻ ነው እንጂ ህግ አይደለም።

አሁን ልብስ ልበሱ። የምሬን ነው፣ ስትነዱ የምትይዙትን ሁሉ፣ ሄልሜት፣ ቦርሳ፣ ውሃ፣ ጫማ። ኮምፕሬሽኑን ሙሉ ክፈቱት፣ ሎክ (ፎርኩ እንዳይወርድ የሚቆልፈው) ካለው አንሱት። ፓምፑን ግጠሙ፣ ወደ መነሻው ቁጥር ሙሉ፣ ከዛ ፓምፑን ንቀሉና ፎርኩን ቀስ እያላችሁ ወደ ሩብ ያህል አስር ጊዜ ያህል ተጫኑት። ይሄን የምናደርገው ውስጥ ሁለት ክፍል ስላለ ነው፣ ፎርኩን ወደ ላይ የሚገፋውና ወደ ታች የሚስበው፣ ንፋሱ በሁለቱ መሃል ባለች ቀዳዳ የሚተላለፈው ስትጫኑት ነው። መልሳችሁ ፓምፑን ስትገጥሙ ቁጥሩ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ጨምሩና ድገሙት።

ፓምፑን ስትገጥሙ ቁጥሩ የሚወርድበት ሌላም ምክንያት አለ፣ የፓምፑ ቱቦ ራሱ ንፋስ ይወስዳል። ስትነቅሉት "ፍስስ" የሚለው ደግሞ በአብዛኛው ከቱቦው የሚወጣ ነው እንጂ ከፎርኩ አይደለም። ይሄን ሳላውቅ ሞላሁ፣ ነቀልኩ፣ ፍስስ አለ፣ ወይኔ ወጣ ብዬ መልሼ ገጠምኩ፣ ቀንሶ አሳየኝ፣ ሞላሁ፣ ነቀልኩ፣ ፍስስ። ሶስት ጊዜ። ቫልቩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ለመግዛት ተነስቼ ነበር።

ቀጥሎ ስታንሽኑ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት (ከሌለች ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ሳታጠብቁ እሰሩበት) ወደ ታች ገፍታችሁ ጎሚኒው ላይ አስጠጉ። ግድግዳ ተደገፉ ወይ ሰው ይያዝላችሁ፣ ሁለቱም እግር ፔዳል ላይ፣ ከኮርቻው ተነስታችሁ ጉልበትና ክርን ትንሽ አጠፍ፣ ቁልቁለት ላይ የምትቆሙትን አቋቋም። የፊት ፍሬን አትያዙ። ትንሽ ነጠር ነጠር ብላችሁ ፎርኩ እንዲቀመጥ አድርጉ፣ ከዛ ሳትንቀሳቀሱ ቀለበቷ እንደገና ጎሚኒው ላይ ትገፋ፣ ሌላ ሰው ቢያደርግላችሁ ይሻላል። ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ ስትወርዱ ፎርኩን ከተጫናችሁት ቁጥሩ ውሸት ነው። ከጎሚኒው እስከ ቀለበቷ ለኩ። 28 ፈልጋችሁ 35 ካገኛችሁ ንፋስ ጨምሩ፣ 20 ካገኛችሁ ቀንሱ፣ በ5 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የንፋስ ግፊት መለኪያ) እየሄዳችሁ። ሶስት ጊዜ ለክታችሁ መሃለኛውን ውሰዱ፣ አንድ ጊዜ የለካችሁትን አትመኑ።

ሪባውንድ

ሪባውንድ ማለት ፎርኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ነው። ማዞሪያዋን በሰዓት አቅጣጫ እስከመጨረሻው ስታዞሯት ቀርፋፋ ይሆናል፣ በተቃራኒው ፈጣን። በጉልበት አታዙሯት፣ መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቁም። ከዛ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ክሊኮቹን (ስትዞር ቀጭ ቀጭ የምትለውን) ቁጠሩ፣ ጠቅላላ 18 ካሉ 9 ላይ ጀምሩ። ሁልጊዜ ከተዘጋው በኩል ቁጠሩ፣ አለዛ ሌላ ቀን ቁጥራችሁ ከየት እንደተነሳ አይገባችሁም።

በጣም ፈጣን ሲሆን መሪው ወደ እጃችሁ ይመታል፣ ፊቱ ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ጎማው መሬት ይለቃል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ተቃራኒው ነው። በጣም ቀርፋፋ ሲሆን ፎርኩ አንዱን ድንጋይ መትቶ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ከዛ ሶስተኛው፣ እየሰመጠ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ የቀረው ትራቭል ትንሽ ስለሆነ ጠንካራ ሆኖ ይሰማችኋል። ሰውየው "ደነደነብኝ" ብሎ ንፋስ ይቀንሳል። ንፋስ ሲቀንስ የበለጠ ይሰምጣል። ተከታታይ ድንጋይ ወይ የዛፍ ስር ያለበት መንገድ ላይ መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ቆይቶ እየሄዳችሁ ከጠነከረ፣ ንፋሱን ተዉትና ሪባውንዱን ሁለት ክሊክ ፈጣን አድርጉት።

ቤት ውስጥ የሚሰራ ፈተና፣ ሳይክሉ አጠገብ ቆማችሁ በሁለት እጅ መሪውን በሃይል ወደ ታች ተጫኑና እጃችሁን መሪው ላይ እንዳለ ልቅ አድርጉት። ጎማው ከመሬት ከተነሳ ፈጣን ነው። ፎርኩ ሲመለስ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ከወንበር እንደሚነሳው ከሆነ ቀርፋፋ ነው። የምንፈልገው ጎማው መሬት ሳይለቅ በተቻለ መጠን ፈጥኖ መመለስን ነው። ከዛ አንዲት አጭር መንገድ ምረጡ፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ፣ እሷኑ እየደጋገማችሁ አንድ አንድ ክሊክ ቀይሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ንፋስና ሪባውንድ አብራችሁ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ደግሞ ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ንፋስ ስትጨምሩ ሞላው በሃይል ስለሚመልስ ሪባውንዱን ትንሽ ማጥበቅ ይፈልጋል፣ ስትቀንሱ ማላላት። ከባድ ሰው ከቀላል ሰው የበለጠ ቀርፋፋ ሪባውንድ የሚፈልገው ለዚህ ነው፣ የጓደኛችሁን ክሊክ ቁጥር አትገልብጡ።

ኮምፕሬሽን ላይ ብዙ አልልም። ሙሉ ከፍታችሁ ጀምሩ፣ ፍሬን ስትይዙ ወይ ቆማችሁ ስትረግጡ ፊቱ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ብቻ ሁለት ሁለት ክሊክ ጨምሩ። እጃችሁ መንዘር ሲጀምር አልፋችኋል። ሎክ ያለው ፎርክ ደግሞ ተቆልፎ ድንጋይ ላይ አይነዳም፣ አስፋልትና ዳገት ላይ ነው።

ትራቭሉ ካለቀ ወይ ከተረፈ

ሳጉ ልክ ሆኖ ግን በየጉዞው "ጓ" ብሎ መጨረሻ የሚመታ ፎርክ አለ። ሳጉ ልክ ሆኖ ግን ቀለበቷ ሁልጊዜ ሶስት አራት ሳንቲሜትር አስተርፋ የምትቆምም አለ። እዚህ ጋ ነው ቶክን የሚባሉት የፕላስቲክ ቁራጮች የሚመጡት። ንፋሱ ክፍል ውስጥ ቦታ ይይዛሉ፣ ቦታው ሲጠብ ንፋሱ ወደ መጨረሻው አካባቢ በፍጥነት ይጠነክራል፣ መጀመሪያው ላይ ግን ብዙም አይለወጥም። መጨረሻ የሚመታ ከሆነ አንድ ጨምሩ፣ የሚተርፍ ከሆነ አንድ አውጡ።

ከመክፈታችሁ በፊት ንፋሱን ሙሉ ለሙሉ አስወጡ፣ ቫልቯን ተጭናችሁ፣ ፎርኩን ትንሽ ወረድ ወጣ አድርጋችሁ፣ እንደገና ተጭናችሁ። ንፋስ እያለበት የሚፈታ ክዳን ፊት ላይ ነው የሚመጣው፣ ቀልድ የለውም። ክዳኑ ስስ ስለሆነ በልኩ ቁልፍ ፍቱት፣ መልሳችሁ ስትገጥሙ መጀመሪያ በእጅ፣ ጥርሱ መያዙን እስክታውቁ። ከዛ ንፋስ ሙሉ፣ ሳግ እንደገና ለኩ። ደግሞ ትራቭሉን በየቀኑ ሙሉ ካልተጠቀምኩ ብላችሁ አትጨነቁ፣ በጉዞው ከባዱ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ከደረሰች ይበቃል።

ታችኛውን ክፍል ማጽዳት

ዋናው ስራ ይሄ ነው፣ ሰው የሚፈራውም ይሄን ነው። ፎርክ አምራቹ ሮክሾክስ ለብዙ ፎርኮቹ በየ50 ሰዓት ንዳቱ የታችኛው እግር ይጽዳ ይላል፣ ሌላው አምራች ፎክስ በየ125 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ሙሉ ሰርቪስ። በሳምንት አራት ሰዓት የምትነዱ ከሆነ 50 ሰዓት ማለት ሶስት ወር ገደማ ነው፣ አቧራና ጭቃ የሚበዛበት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቀደም ማለቱ አይከፋም።

የሚያስፈልገው፣ ለናንተ ሞዴል የተባለው የሎወር ዘይት (የዳምፐር ዘይት ሌላ ነው፣ አታምታቱ)፣ የሱስፔንሽን ግራሶ፣ አዲስ ሮንዴላዎች ለታችኞቹ ብሎኖች፣ ስሪንጅ፣ አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ መዶሻ፣ ቶርክ ቁልፍ (ምን ያህል እንዳጠበቃችሁ የሚለካ)፣ የቆሸሸ ዘይት መቀበያ እቃ። የዘይቱን መጠን ከመመሪያው ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ አንዳንዴ የግራና የቀኙ እግር ራሱ አንድ አይደለም።

የፊት ጎማውን አውጡ፣ የፍሬኑን ካሊፐር (ፓዶቹን የያዘውን ክፍል) ፈታችሁ ራቅ አድርጋችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። ይሄን አልፌ አንድ ጊዜ ዋጋ ከፍያለሁ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት ፓዱ ላይ አርፋ ፍሬኑ ሳምንት ሙሉ እንደ ባቡር ሲጮህ ከርሞ በመጨረሻ ፓዶቹን ጣልኳቸው። ንፋሱን ሙሉ አስወጡ፣ ቁጥሩን ግን ቀድማችሁ ጻፉ። ሪባውንዱም ስንት ክሊክ ላይ እንደነበረ ጻፉና ማዞሪያዋን አውልቁ፣ አንዳንዷ በመሳብ ትወጣለች አንዳንዷ ትንሽ ብሎን አላት።

ታች ሁለቱንም ብሎኖች ሶስት አራት ዙር ብቻ ፍቱ፣ አትጨርሱት። ብሎኑ ጥርሱ ላይ እንዳለ አናቱን በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ፣ ውስጥ ያለው ዘንግ ከሎወሩ ሲላቀቅ ድምጹ ይለወጣል፣ ብሎኑም ወደ ውስጥ ገባ ይላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ የብረት መዶሻ ይዤ ነው የገባሁት፣ የብሎኑ አናት ተድጦ ቁልፍ አልገባ ብሎኝ ማታውን ሙሉ በፋይል ስሞርድ አመሸሁ። አንዳንድ ፎርክ ላይ በብሎን ፋንታ ዳዶ ነው ያለው፣ እሱም ቢሆን ያው ነው፣ ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ነው የምትመቱት፣ ባዶውን ዘንግ አትምቱ።

አሁን እቃውን ስር አድርጉና ብሎኖቹን አውጡ፣ ዘይቱ ይወርዳል። ቀለሙን እዩት፣ ብዙ ይነግራችኋል። ንጹህ ከሆነ ጊዜውን ማራዘም ትችላላችሁ፣ ጥቁር ከሆነ ዘግይታችኋል፣ እንደ ወተት ነጣ ያለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ሎወሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ስታንሽኑን በአልኮል ጥረጉ። የሎወሩን ውስጥ ደግሞ ጨርቅ ዱላ ላይ ጠቅልላችሁ እስከ ታች ድረስ፣ ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ። ከጎሚኒው ስር ያሉትን የስፖንጅ ቀለበቶች ጫፉ በማይቆርጥ ነገር ሳብ አድርጋችሁ አውጧቸው፣ እጠቧቸው፣ ጭመቋቸው፣ ከተበጣጠሱ ቀይሩ። ንጹህ ዘይት ውስጥ ነክራችሁ ስትመልሷቸው ጣታችሁን ዙሪያውን አስኪዱበት፣ አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈች ጎሚኒውን ትገፋዋለች። የጎሚኒው ከንፈር ካልተቀደደ እዛው ይቆይ፣ ውስጡን ስስ ግራሶ ቀቡት። ስስ አልኩ።

ሲመለስ ሎወሩን ትንሽ አጋድላችሁ የአንዱን እግር ከንፈር መጀመሪያ አስገቡ ከዛ የሌላውን፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ዙሪያውን እያያችሁ። ሙሉ በሙሉ አትግፉት፣ ግማሽ ድረስ ብቻ፣ ዘንጎቹ ታች ያለውን ቀዳዳ ሳይደፍኑት። ሳይክሉን አዘንብላችሁ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ሲሆኑ በስሪንጅ የተባለውን ያህል ዘይት በየእግሩ ጨምሩ፣ ስሪንጁ ዘንጉ መሃል ያለው ክፍት ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ወደ ሎወሩ ውስጥ መግባቱን እዩ። ብዙ ዘይት የተሻለ አይደለም፣ ሎወሩ ውስጥ ያለችውን ባዶ ቦታ ይወስድና ፎርኩ ሲወርድ የታፈነው ንፋስ ያጠነክረዋል፣ ጎሚኒውንም ሊገፋው ይችላል። ከዛ ሎወሩን እስከመጨረሻው ግፉ፣ ዘንጎቹ ቀዳዳው ላይ ይታያሉ፣ አዲሶቹን ሮንዴላዎች አድርጋችሁ ብሎኖቹን በመመሪያው ቁጥር አጥብቁ፣ ብዙ ሮክሾክስ ላይ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ በስሜት ከማጥበቅ በቶርክ ቁልፍ ይሻላል። ሮንዴላውን አሮጌውን ብትመልሱት ለጊዜው ይሰራል፣ በሳምንቱ ግን ታች ጠብታ ታያላችሁ።

ማዞሪያዋን፣ ካሊፐሩን፣ ጎማውን መልሱ፣ ንፋስ ሙሉ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ተጫኑ፣ በወረቀት የታችኞቹን ብሎኖች ጥረጉና እርጥበት ካለ እዩ። የቆሸሸውን ዘይት ፍሳሽ ውስጥ አትድፉት፣ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ የመኪና ዘይት ለሚሰበሰብበት ቦታ ስጡ።

ከፍታ ሲቀየር

ሎወሩን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ገጥማችሁ በጣም ከፍ ወዳለ ቦታ ከወጣችሁ ውስጥ የታፈነው ንፋስ ከውጪው ስለሚበልጥ ፎርኩ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል። አንዳንድ ፎርክ ጀርባው ላይ ለዚህ የተሰራች መጫኛ ቁልፍ አለችው፣ ተጫንክ ፍስስ ትላለች አለቀ። ከሌለው ጠርዙ ያልተሳለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒውና በስታንሽኑ መሃል ቀስ ብላችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ጠርጋችሁ፣ አለዛ አቧራውን አብራችሁ ነው የምትገፉት። ካቻቢቴ ይዞ የሚጠጋ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

የንፋሱ ቁጥርም በሙቀት ይለወጣል፣ በብርድ ጠዋት ከቀትር የተለየ ያሳያል፣ ዘይቱም በብርድ ይወፍርና ሪባውንዱ ይዘገያል። ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና ፒኤስአይ፣ ሳግ፣ ክሊክ፣ የቶክን ብዛት፣ ሎወሩ የጸዳበትን ቀን ጻፉ።

እቤት የማይነካው

ስታንሽን ላይ ጭረት ካያችሁ ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር የማይዘው ከሆነ ተዉት። ትንሽ ሹል የሆነ ጠርዝ ካለው 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥባችሁ ጠርዟን ብቻ አለስልሱ፣ ጎድጎድ ያለውን በቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ሞልታችሁ ሲደርቅ መልሳችሁ አስተካክሉ። ረጅም ወደ ታች የወረደ ጭረት ከሆነ ግን ጎሚኒውን እየበላ ነው የሚሄደው።

ንፋስ ሞልታችሁ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ የማይመለስ፣ ሁለት ሶስት ሳንቲሜትር ተስቦ የሚቀር ከሆነ የንፋሱ ክፍል ውስጥ ያለ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) አልቆ ንፋሱ ወደሚስበው ክፍል እየሾለከ ሊሆን ይችላል። እጃችሁ የለመደ ከሆነ በመመሪያው እቤት ይሰራል። የሪባውንድ ማዞሪያዋን ከዳር ዳር አዙራችሁ ምንም ልዩነት ከሌለ፣ ፎርኩ ሲወርድ "ጭቅ ጭቅ" የሚል የታመቀ ድምጽ ካለ፣ ወይም ሎወሩን ስትከፍቱ ከጨመራችሁት በላይ ዘይት ከወጣ ዳምፐሩ ነው። እሱን አትክፈቱት። ንፋስ ሳይቀርበት ዘይት መሙላት የራሱ መሳሪያና የራሱ እጅ ይፈልጋል፣ እኔም እዛ ላይ ስደርስ ፎርኩን ነቅዬ ባለሙያ ጋ ነው የምወስደው።